መስኮት ዳር የከረመው ድንች

«እጅ ነው» አለ ኃላፊው። «መቀሱን ፈትነነዋል፤ ጤነኛ ነው። የጎደለው እጅ ነው።»

በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ የማን እጅ እንደተነካ ያውቃል። ክብሪት እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው። ወዲያው ደግሞ፣ ምን አጠፉና ነው የምደብቃቸው ብላ ተናደደችና መልሳ አወጣቻቸው። በግራ አውራ ጣቷ ላይ ምላጭ የተወው ጠባሳ አለ። በጣቶቿ መሀል ደግሞ በየቀኑ የምትታጠብበት አልኮል ቆዳዋን አድርቆ ሰነጣጥቆታል። ይህን እጅ ነው እንግዲህ ጎደለ የሚሉት።

ክብሪት የተባለችው ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ብቻ አይደለም። ጫር ሲያደርጓት ቦግ ትላለች። ስሙን ያወጣው ባሏ ነው ተብሎ ይታማል፤ እሱ ግን «እኔ ምን አጠፋሁ፣ ስትነድ ነው ያገኘኋት» እያለ ይምላል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ቦግ የማለቷን ነገር ግን አንድም ቀን አምና አታውቅም። እሷ እንደምትለው ከሆነ ሰው ያስቆጣታል እንጂ እሷ ተቆጥታ አታውቅም።

ሥራዋ ድንች ነው። በዕፅዋት ምርምር ተቋሙ፣ በምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ባለው ላብራቶሪ፣ ንጹሕ አየር ከሚነፋ ሳጥን ፊት ተቀምጣ ድንች ትከትፋለች። ለድስት አይደለም። እንደ ሳንቲም ስስ አድርጋ የቆረጠችውን፣ መቀሱን ተሸክሞ በሚገባ ባክቴሪያ ትነክረዋለች፤ ከዚያ ጄል የረጋበት ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ቁራጩ ሲመቸው ቡቃያ ያወጣል፣ ቡቃያውም ሥር ሰድዶ ሙሉ ተክል ይሆናል። መቀስ የሚሉት ብረት አይደለም። ህዋስ ውስጥ ገብቶ ከዘረመሉ አንዲትን ቦታ ለይቶ የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው። አብራው የምትሄድ መሪ አለች፤ «እዚህ ጋ ቁረጥ» ብላ ታሳየዋለች።

የሚፈለገውም አንድ ነገር ነው። ድንች ብርሃን ላይ ሲቆይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ የበላውንም ሆዱን ያመዋል። ነጋዴው በኩንታል ይጥለዋል። መራራውን ነገር የሚያሠራው ዘረመል ታውቋልና እሱን ቆርጦ ዝም ማሰኘት ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ኃላፊው መቀሱን አስቀድሞ የፈተነው በቅጠል ህዋስ ላይ ነበር። ቅጠል ለስላሳ ነው፣ ህዋሱን መለየት አያስቸግርም፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። እዚያ ላይ መቀሱ እንደ ልቡ ቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ችግሩ ይህ የድንች ዓይነት ከቅጠል አለመብቀሉ ነው፤ ሙሉ ተክል የሚወጣው ከራሱ ከድንቹ ቁራጭ ብቻ ነው። ክብሪት ድንቹን ከተፈች፣ ነከረች፣ አበቀለች። ቡቃያው ሲያዩት ያምራል፤ ሲመረመር ግን ምንም አልተቆረጠም። ደገመች። ክረምቱ አልፎ በጋ መጣ፣ በጋውም አለፈ፣ ምንም አልተቆረጠም።

«ቅጠል ላይ ሠርቷል» ይላል ኃላፊው በየስብሰባው። «ስለዚህ እጅ ነው።»

ይህን ኃላፊ በስውር ማኅተሙ ይሉታል። ሌላ ሰው የደከመበትን ሥራ ባየ ቁጥር ከላዩ ላይ ስሙን ካላተመ እንቅልፍ አይወስደውም። በፊቱ «እርስዎ» ነው፣ ጀርባውን ሲያዞር «እሱ» ነው። ይህም ታሪክ ከጀርባው ስለሚነገር እሱ እንለዋለን።

የዚያን ዕለት ታዲያ እጅን ማማት አልበቃው አለ። «አንዳንዴማ» አለ እየሳቀ፣ «እግረ ደረቅ ሰው የገባበት ቤት የሚበቅለውም አይበቅልም ይባላል።» ሰዎቹ ሳቁ። ዶክተር የተባለ ሰው፣ ላብራቶሪ መሀል ተቀምጦ፣ እግረ ደረቅ! ክብሪት ወረቀቷን ሰብስባ ተነሳች። የስብሰባውን በር ከኋላዋ ወርውራ ዘጋችው፣ ላብራቶሪ ገብታ ቦርሳዋን መንጭቃ አነሳች፣ መዘጋት ያለበትን ሁሉ ዘጋግታ፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቤቷ ሄደች። ገና ሰዓቱ አልደረሰም ነበር። የሚቀጥሉት ቀናት ደግሞ የእረፍት ቀናት ነበሩ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከመኖሪያቸው ሥር ናት፤ አንድ መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ሞልቶ የቆመ የጨርቅ ጣቃ። ክብሪት እዚያ ቆማ ማኅተሙን በሌለበት ከእግር እስከ ራሱ ሰደበችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አለ ባሏ፣ አፉ ውስጥ ስፒል ይዞ። «የሰው ሱሪ ይዣለሁ፤ ስትጮኺ እጄ ይዘላል፣ ኋላ እኔም እጅ ነው ልባል ነው።»

«አንተም ትቀልዳለህ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አውልቂና ስጪኝ እስቲ ይሄን ጋውን፤ ኪሱ ተቀዷል።» ተቀብሎ ገለበጠው። ከኪሱ አሮጌ የብረት ቁልፍ ወጣ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። «ይሄ ነዋ የቀደደው! የምን ቤት ቁልፍ ነው፣ የእስር ቤት?»

«የጨለማ ክፍሉ ነው» አለች ክብሪት፣ ከንዴቷ ውስጥ ትንሽ ኩራት ብቅ ብሎ። «ድንቹ የሚቀመጥበት። ድሮ ያገኘ ሁሉ እየገባ መብራት ያበራ ነበር። ቁልፍ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። አሁን ያለ እኔ ማንም አይገባም።»

ባሏ ኪሱን በድርብ ክር ሰፋላት፤ ቁልፉንም መልሶ ከተተው።

እረፍቱ አልቆ ስትመለስ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። በትልቁ መስኮት ደፍ ላይ፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ በሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ ሰፊ ትሪ ድንች ተቀምጧል። ከእርሻው የመጣ አዲስ ድንች ነበር። አሁን ቆዳው እንደ ሎሚ አረንጓዴ ሆኗል። ማኅተሙ ከትሪው አጠገብ ቆሞ ፊቱ ቀልቷል። ከፊቱ እትዬ ብልቃጥ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

እትዬ ብልቃጥ የጠርሙስ አጣቢዋ ናቸው። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ኮሪደሩን የሚሞላ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እንዲህ ያለ የሚሰበር ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። ላብራቶሪው ከመቋቋሙ ጀምሮ ብርጭቆና ጠርሙስ ያጥባሉ፣ በእንፋሎት ይቀቅላሉ፣ ከእርሻ የሚመጣውን ድንች ተረክበው ያጥቡና ወደ ጨለማ ክፍሉ ያስገባሉ። ሥራ ባልተሳካ ቁጥር ጣት ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ላይ ያርፋል፤ ጠርሙሱ ሳሙና ቀርቶበት ይሆናል፣ ውሃው አልፈላ ይሆናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

«ድንች ብርሃን ላይ አይቀመጥም!» ይጮኻል ማኅተሙ። «ይሄን ሕፃን ያውቀዋል! ለዚህ አይደል እንዴ የምንደክመው? ማን ነው እዚህ የተወው?» ወደ ክብሪት ዞረ። «ያንቺ ድንች ነው። አንቺ ነሽ?»

ሁሉም አያት። ያ «እጅ ነው» የተባለው እጅ እንደገና ጠረጴዛ ላይ የወጣ መሰላት። የሥራ ውሏ ሊታደስ የቀረው ጥቂት ነው፤ ሌላ ጥፋት ከተጨመረባት እንደማይታደስ ታውቃለች።

«ከእርሻ ሲመጣ የሚረከቡት እሳቸው ናቸው» አለች።

ውሸት አልነበረም። ከራስ በላይ ንፋስ ነውና፣ እውነትም ቢሆን በዚያች ሰዓት የተናገረችው ራሷን ለማዳን ነው። እትዬ ብልቃጥ ቀና ብለው አዩአት። ዓይናቸው ከፊቷ ወደ ታች ወረደና እዚያ ትንሽ ቆየ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ…» ብለው ጀመሩ።

«ምክንያት አልፈልግም!» አለ ማኅተሙ። «የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ዓይነት ወሬ ሰልችቶኛል። በቃ፣ ነገ እንዳትመጪ።»

በእናቱ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። እትዬ ብልቃጥ ባልዲውን በዝግታ መሬት ላይ አኖሩት፣ የጎማ ጓንታቸውን አውልቀው በባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀሉት፣ ሄዱ። ክብሪት ወደ ላብራቶሪዋ ገባች። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ስታይ ቆሽቷ ሲያርር ዋለ።

እርሻው ሌላ ድንች እስኪልክ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ሥራ ቆመ እንዳይሉ ተፈርቷል። «ከመጣል ይሻላል» አለ ማኅተሙ፣ «ያንኑ አረንጓዴውን ክተፊው።» ክብሪት ከተፈች። ጠርሙሱን ራሷ አጠበች፤ ሁለት ሰበረች። ባክቴሪያው ያው፣ መቀሱ ያው፣ ጄሉም ያው ነው። ቡቃያው ወጣ፣ ተመረመረ።

ተቆርጧል።

አንድ ሁለቱ ብቻ ቢሆን በአጋጣሚ ነው ባለች። ከቡቃያዎቹ ግማሽ ያህሉ በትክክለኛው ቦታ ላይ ተቆርጠዋል። ክብሪት የኮምፒውተሩን መስታወት በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው፣ እንደገና አየች። መጀመሪያ ናሙና ተደባልቆ ነው አለች። ከዚያ ቅጠል ገብቶበት ይሆናል አለች። አዲሱ ድንች ሲመጣ ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹን ጨለማ ክፍል ቆለፈችበት፣ ግማሹን አውቃ ያው መስኮት ላይ አሰጣችው። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ምላጭ፣ በዚያው በጎደለ እጇ ከተፈቻቸው። የጨለማው እንደ ወትሮው እምቢ አለ። የመስኮቱ ተቆረጠ።

ያን ጊዜ ገባት። ከገባት በኋላ ደግሞ ሳቅ ሳይሆን ንዴት ነው የመጣባት፤ ትምህርት ቤት ያነበበችው ነገር ነበርና። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ራሷን ስትሰድብ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ቦታ ለቀቀላት።

«መቀሱ ጤነኛ ነበር» አለችው ባሏን፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች። «እጄም ጤነኛ ነበር። ስማ እንግዲህ። ዲኤንኤ ማለት ረጅም ክር ነው በለው። ክሩ ዝም ብሎ አልተበተነም፤ በፕሮቲን ማጠንጠኛ ላይ ተጠምጥሞ ነው ያለው። ክሩም ማጠንጠኛውም አንድ ላይ ክሮማቲን ይባላል። ህዋሱ የሚሠራበት ዘረመል ያለበት ቦታ ላላ ይላል፣ የማይፈልገው ጋ ጠብቆ ይጠቀለላል። ቅጠል ብርሃን ላይ ነው የሚውለው፣ መራራውን ይሠራዋል፣ ስለዚህ ዘረመሉ ክፍት ነው። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ድንች ግን ምን ሊያደርግለት? ጠቅልሎ አስቀምጦታል። መቀሱ ይመጣል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ መግቢያ ያጣል። ጨርሶ አይቆርጥም አልልህም፣ ግን በመከራ ነው።»

ባሏ መኪናውን አቆመ። ከግድግዳው አንድ ጣቃ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገውና መቀሱን አቀበላት። «ከዚህ፣ ሳትዘረጊው፣ መሀሉ ላይ ያለውን አበባ ቁረጪልኝ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ ቅጠሉን አይታችሁ ድንቹን ሳታዩ። ድንቹ ብርሃን ሲያገኝ ጣቃው ተዘረጋ ማለት ነዋ?» አለ ባሏ። ጣቃውን መልሶ ሊሰቅል ሲዞር ድንገት ቆም አለ። «ሴትዮዋስ?»

«የቷ ሴትዮ?»

«በዚህ ድንች የተባረረችው።»

ክብሪት ባሏን ልትቆጣው ፈለገች፤ የምትቆጣበት ነገር አጣች። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጥላው ወጣች።

በማግስቱ ማኅተሙ ዘንድ ገባች። ውጤቱን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፣ ይሄም በዓመት አንድ ጊዜ የሚሆን ነው። አቀፋት። «አላልኩሽም?» አለ። ምን እንዳላት አይታወቅም። ሳምንቱ ሳያልቅ ነገሩ ስም ወጣለት፦ «በብርሃን የማንቃት ዘዴ»። ስሙን ያወጣው እሱ ነው፤ በትልልቅ ፊደል በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፈውም እሱ ነው። ገንዘቡን የሚሰጡት እንግዶች እንዲያዩት ቀን ተቆረጠላቸው። ማኅተሙ አተመ።

«እትዬ ብልቃጥ ይመለሱ» አለችው ክብሪት።

«ማን?»

«ያባረሯቸው። ድንቹን መስኮት ላይ የተዉት እሳቸው ናቸው። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬም እጅ ነው እያሉ ነበር።»

ማኅተሙ መነጽሩን አወለቀ። «ነገሮችን አንደባልቅ» አለ በረጋ ድምፅ። «የተባረረችው ጥፋት ስላጠፋች ነው። ጥፋቱ ለእኛ መጥቀሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሸልመን ብንመልሳት ነገ ሁሉም ድንቹን ሜዳ ላይ ይጥላል።»

አነጋገሩ ቅልብጭ ያለ ነበር፤ ክብሪትን ያናደዳትም ይኸው ነው። ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ቢያንስ ሄጄ ልንገራቸው አለች። በእሳቸው ድንች ሥራው መሳካቱን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ምናልባትም ይመርቁኝ ይሆናል ብላ አስባ ነበር። ይህን ማሰቧ ኋላ ሲታወሳት አንገቷ ድረስ ይግላታል።

እትዬ ብልቃጥ የሚኖሩት የጋራ ግቢ ውስጥ፣ የውሃ ቧንቧው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። በሩ ክፍት ነበር። እሳቸው አነስተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ብርጭቆ ያጥባሉ፤ አንዱን ከፍ አድርገው በብርሃን እያዩ። ልማድ አይለቅም። ዙሪያቸውን የሰው ዕቃ ከቦአቸዋል፤ ለሰው ማጠብ ጀምረዋል ማለት ነው። ክብሪትን ሲያዩ አልተነሱም። «ነይ፣ ግቢ» አሉ ግን።

ክብሪት ቆማ ተናገረች። ስለ ክሩ፣ ስለ ማጠንጠኛው፣ ስለ ተዘረጋው ጣቃ፣ ስለ ብርሃኑ። ስትናገር ደግሞ ጉዳዩ ያሞቃታል፤ እጇን ታወናጭፋለች። «የማንም ጥፋት አልነበረም እትዬ! መቀሱን ከመውቀስ በፊት በሩ ክፍት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረብን። አንዳችንም አልጠየቅንም! ቅጠል ላይ ሠርቷል፣ ቅጠል ላይ ሠርቷል፣ እያልን ስንት ጊዜ! የት እንዳለ ሳይጠይቁ ሥራውን ብቻ አይቶ መፍረድ…»

እትዬ ብልቃጥ ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«እኔንስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ምኑን?»

«ድንቹን ለምን መስኮት ላይ እንደተውኩት።»

ክብሪት ስታወናጭፈው የነበረውን እጇን አወረደች።

«መኪናው አርፍዶ መጣ» አሉ እትዬ ብልቃጥ። «ድንቹን ተረከብኩ፣ አጠብኩ፣ ትሪው ላይ ደረደርኩ፣ ተሸክሜ ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ደረስኩ። ተቆልፏል። ወትሮ አንቺ አለሽ፣ ትከፍቺልኛለሽ። ሄደሻል። ሰው ጠየቅኩ፣ ተናድዳ ወጣች አሉኝ፣ ገና በጊዜው። ጥበቃውን ጠየቅኩ፣ ቁልፍ እሷ ጋ ብቻ ነው አለኝ። እኔ ያን ሁሉ ድንች በራሴ ላይ ተሸክሜ ልደር? መሬቱ እርጥብ ነው፣ ይበሰብሳል። ደረቅ ቦታ ያገኘሁት መስኮቱን ነው።» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «በሩ ክፍት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረብን አልሽ? በሩ ዝግ ነበር ልጄ። ቁልፉ አንቺ ኪስ ነበር። ዛሬም እዚያው ነው፣ ይታየኛል።»

የክብሪት እጅ ሳታዘው ወደ ኪሷ ሄደ። በድርብ ክር የተሰፋው ኪስ፣ ቁልፉ ከነክብደቱ። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ የእትዬ ዓይን ከፊቷ ወርዶ የት እንዳረፈ አሁን ገባት።

«ለምን አልተናገሩም?» አለች። «ለምን ዝም አሉ?»

«ጀምሬ ነበር። የእናቴ መቀነት ተባልኩ። አንቺ እንደሁ ጣትሽን ቀስረሻል።» ሌላ ብርጭቆ አነሱ። «ደግሞ ምን ልበል? ቁልፉ እሷ ጋ ነው ብዬ አንቺንም ላስባርርሽ? ልጅ አለሽ፣ ባል አለሽ። እኔ ለዚች ለራሴ ነኝ።»

ክብሪት በሕይወቷ ሙሉ ስትናደድ የሚናደዱበት ሌላ ሰው ይገኝ ነበር። ማኅተሙ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ባሏ አለ፣ አውቶቡሱ አለ። አሁን ግን ንዴቱ መሄጃ አጣና እዚያው ደረቷ ውስጥ ቀረ። ቁልፉን አውጥታ ጨበጠችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ አልተሳፈረችም፤ እንዲያ ሆና ከሰው ጋር መቆም ስላልቻለች።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፤ የስብሰባው ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። ማኅተሙ አዲስ ክራቫት አስሯል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ድንች በትልቁ ይታያል። ስለ ክሮማቲን ሲናገር አማረለት፤ የክሩን ምሳሌ ጭምር ወስዶታል። ከእንግዶቹ መሀል ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ።

«ድንች ከብርሃን ይጠበቃል እንጂ ወደ ብርሃን አይወጣም» አሉ። «ብርሃን ላይ ማቆየት እንዴት ታሰባችሁ?»

«ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ቆይቼ…» ብሎ ጀመረ ማኅተሙ።

ወንበር ተንቋቋ። ክብሪት ቆማለች።

«አልታሰበም» አለች። «ማንም አላሰበውም። እኔ ተናድጄ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ሄድኩ። የጨለማ ክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ኪሴ ውስጥ ይዤው ሄድኩ።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ የውሃ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። «ጠርሙስ የሚያጥቡልን ሴት ድንቹን ይዘው መጡ፣ በሩ ተቆልፏል። መስኮት ላይ አስቀመጡት። እኚህ ዶክተር ለምን ብለው ሳይጠይቁ አባረሯቸው። እኔም ጠቆምኩባቸው። የበሩን ነገር የነገሩኝ ትናንትና ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም። ዘዴው ይኸው ነው። ወረቀት ላይም ሲጻፍ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ካልሆነ እኔ ስሜን አላስገባም፣ ከእንግዲህም አንድ ድንች አልከትፍም።»

«ይሄ አሁን የሳይንስ ጉዳይ አይደለም» አለ ማኅተሙ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደደረቀ።

«እንዴት አይደለም? ስንት ወቅት ሙሉ መቀሱን አይተን ያለበትን ቦታ አላየንም። ሰዎቹንም እንደዚያው ነው ያደረግነው!» ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። «እግረ ደረቅ ብለው ሳቁ! እጅ ነው ብለው ሳቁ! ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ግን ከሥሩ አንድም ቀን ጀምረን አናውቅም!»

ፀጉራቸው የሸበተው እንግዳ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ማኅተሙ ዞሩ። «ሴትየዋ አሁን የት ናቸው?»

ማኅተሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገው። «ነገ» አለ። «ነገ… ነገ ይገባሉ።»

ሲናገር «ይገባሉ» ማለቱን ያስተዋለችው ክብሪት ብቻ ናት።

እትዬ ብልቃጥ ግን ነገ አልገቡም። ማኅተሙ ሰው ቢልክባቸው «ያባረረኝ ራሱ ይምጣ» ብለው መለሱት። ሄደ። እዚያ ቧንቧው አጠገብ ክራቫቱን አስሮ እንዴት እንደቆመ የግቢው ሰው እስካሁን ያወራል። ከዚያ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ያ የታወቀ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። ጓንታቸው እንደተሰቀለ ጠብቋቸዋል፤ ማንም አልነካውም። ባልዲውን አነሱና ቀጥ ብለው ክብሪት ዘንድ መጡ።

ክብሪት ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነው ያደረችው። «እትዬ፣ እኔ…» አለች።

እትዬ ብልቃጥ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው በውሃ ብዛት የተሸበሸበ ነው። «ቁልፉን።»

«ምን?»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

ክብሪት አወጣችው። እትዬ ብልቃጥ በመዳፋቸው መዘኑት፣ በሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፣ ኪሱንም መታ መታ አደረጉት።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «የምታንኳኪው አንቺ ነሽ።»

ክብሪት ቦግ አለች። ይህን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቁልፉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ድንቹ የኔ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ አፏን ዘጋችው። ማታ ባሏ ባዶ ኪሷን አይቶ ሲስቅ ጋውኗን ወረወረችበት።

በማግስቱ ጠዋት ድንቹን ፈለገች። ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ አንኳኳች።